ጳጉሜን የማያውቀው መዝገብ

በጡረታ ስሰናበት አንድ ጋቢ፣ በመስተዋት የታሰረ የምስክር ወረቀትና የአምስት ደቂቃ ንግግር ተፈቀደልኝ። ጋቢው ሸጋ ነው፤ ለዚያ አመሰግናለሁ። ያናደደኝ አምስቱ ደቂቃ ነው። ማይክራፎኑን ከመያዜ በፊት አዲሱ ኃላፊያችን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ “ጋሽ ሞላ፣ አደራዎን፣ ዛሬ የጳጉሜን ነገር እንዳያነሡብን፤ እንግዶች አሉ” አሉኝ። እንግዶቹ እነማን እንደሆኑ ለማወቅ አልተቸገርሁም። ከፊት ወንበር የተቀመጡት ሁለት ሰዎች አዲስ የመሬት መዝገብ ፕሮግራም ሊሸጡልን የመጡ ነበሩ። እንደ በፊተኛው ፕሮግራማችን ሁሉ የዚህኛውም ውስጡ አይታይም፣ አይነካም፤ ፈቃዱ በየዓመቱ ይታደሳል፤ ካልታደሰ ይዘጋል። ይህን ሁሉ ያነበብሁት በሻይ ሰዓት ካደሉን ወረቀት ላይ ነው።

እኔም በመሰናበቻዬ ቀን ሰው አላስቀይምም ብዬ ምስጋናዬን አቅርቤ ተቀመጥሁ። ቤቴ ገብቼ ጋቢውን ሳጥፍ ግን ደሜ ፈላ። በሥራ ዘመኔ አንድ ጊዜ ዝም ብዬ ሰው በድያለሁ። አሁን ጡረተኛ ነኝ፤ የሚያዛውረኝ አለቃ የለም፤ ዕድገት የሚከለክለኝም የለም። ስለዚህ የጳጉሜን ነገር አነሣለሁ።

ሥራዬ የገበሬ መሬት መዝገብ መያዝ ነበር። ከሠላሳ ዓመት በላይ በአይከል፣ በአዲ አርቃይ፣ በመጨረሻም በጎንደር ከተማ ሠርቻለሁ። ደሞዙን ተዉት። ሥራው ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ነው፤ ማን የት ያርሳል፣ ከማን አገኘው፣ ከማን ጋር ይዋሰናል፣ ይህን መጻፍ ነው። የደጋ ገበሬ ግን መሬቱን የሚያውቀው በእግሩ ነው እንጂ በወረቀት አይደለም። “አዋሳኝህ ማነው?” ብለህ ብትጠይቀው የሚወደውን ጎረቤት ስም ይነግርሃል። “ከበላይህ ማን ያርሳል? የክረምት ውኃህስ ወደ ማን ማሳ ይወርዳል?” ካልኸው ግን እውነቱን ታገኛለህ፤ በውኃ የተጣላውን ሰው ስም የሚረሳ የለም።

እንዲህ አድርጎ መጠየቅን ያስተማሩኝ ጋሽ ሰይድ ናቸው። አይከል ስመደብ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ እሳቸው ነበሩ። ዘመዶቻቸው ጎንደር ውስጥ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ በንግድ የታወቁ ሙስሊሞች ናቸው። ወንድሞቻቸው ሱቅ ሲከፍቱ እሳቸው የጽሕፈት መኪና መፍታትና መግጠም ስለወደዱ መንግሥት ሥራ ገቡ። ቤተሰቡ ይህን ነገር እንደ እብደት ነው የቆጠረው ይሉ ነበር፣ እየሳቁ።

ጋሽ ሰይድ ማንንም ባለጉዳይ መዝገቡ ሳይነበብለት አያሰናብቱም። ማኅተሙን ከመምታታቸው በፊት መነጽራቸውን ጠርገው፣ የጻፉትን ከላይ እስከ ታች ለባለቤቱ ጮክ ብለው ያነቡለታል። ያነባሉ፤ ቀና ይላሉ፤ “የቀረ አለ? የተጨመረስ?” ይላሉ። ሰውየው “የለም አያ ሰይድ” ቢልም እንደገና ያነባሉ። ወረፋ የያዘው ሰው ያጉረመርማል፤ እሳቸው አይሰሙም። አንድ ቀን አንድ ገበሬ ሁለተኛው ንባብ ላይ ደንገጥ ብሎ፣ “ኧረ ያ የወንድሜ ማሳ ነው” አለ። ሳይነበብለት ቢወጣ ኖሮ በወንድማማቾች መካከል ደም ሊፈስ ይችል ነበር። እኔ ወጣት ስለነበርሁ፣ እግዜር ይማረኝ፣ ያን ሁሉ ንባብ ጊዜ ማባከን ነው ብዬ አስብ ነበር።

ቅዳሜ ከሥራ በኋላ ደግሞ የጽሕፈት መኪናውን በንጹሕ ጨርቅ ላይ ይፈቱታል። ፊደሎቹን አንድ በአንድ በላምባ በተነከረ የጥርስ ብሩሽ ይቦርሻሉ፤ ብሎኖቹን በወጡበት ቅደም ተከተል ይደረድራሉ፤ እየፈቱ ያሳዩኛል። ፊደል ሲሰበር አዲስ አበባ አይልኩም፤ ከአሮጌ መኪና ነቅለው፣ በሞረድ አስተካክለው፣ በብየዳ ይተክላሉ። አንድ ጊዜ አዲስ መኪና መጣልን፤ ጀርባው ላይ በእርሳስ የታሸገ ማኅተም ነበረው፤ ከአስመጪው በስተቀር ማንም እንዳይከፍተው ይላል። ጋሽ ሰይድ አለቃቸው ፊት በጉጠት ቆረጡት። ከዚያ የንብረት መዝገቡን አውጥተው “ማኅተሙን የቆረጥሁ እኔ ነኝ” ብለው ጽፈው ፈረሙ። “ምነው እንዲህ አደረግህ?” ቢሏቸው፣ “ሲበላሽብኝ ገበሬውን አስመጪው እስኪመጣ ጠብቅ ልበለው?” አሉ። አለቃው ተቆጡ፤ ጋሽ ሰይድም የአሥር ቀን ደሞዝ ተቀጡ፤ መኪናው ግን እሳቸው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሠራ።

ከአይከል ወደ አዲ አርቃይ ተዛወርሁ። በዚያ ቆላ ሙቀት መዝገቡ በምስጥ እንዳይበላ ስከላከል ዓመታት አለፉ። ጎንደር ስመለስ ዘመኑ የኮምፒዩተር ሆኖ ነበር፤ እኔም ኮርስ ወስጄ የወረዳዎች የመረጃ ተቆጣጣሪ ተባልሁ። ጥቂት እንደቆየን በእርዳታ ገንዘብ የተገዛ የመሬት መዝገብ ፕሮግራም መጣ። ሻጩን ድርጅት በስም አልጠራውም፤ የሚከሰኝ ጠበቃ አያጣምና። ፕሮግራሙ ያምር ነበር። ካርታው ቀለም በቀለም ነው፤ የገበሬው ፎቶግራፍ ይወጣል፤ የይዞታ ደብተሩ በአንድ ትእዛዝ ይታተማል። እኔ ራሴ ከማንም በላይ ተደስቼበት ነበር።

በሥልጠናው በሁለተኛው ዕለት ቀን የሚሞላበትን ሳጥን ከፈትሁ። ወሮቹ ተዘርዝረዋል፤ መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር እያለ ሄዶ ነሐሴ ላይ ያበቃል። አሥራ ሁለት ናቸው። የፈረንጁን ወር ስም ፍቀው የእኛን ስም ለጥፈውበታል እንጂ የእኛን ዘመን አቆጣጠር አላስገቡም።

“ጳጉሜ የት አለ?” አልሁት አሠልጣኙን።

“በሚቀጥለው ይሻሻላል” አለኝ።

“የሚቀጥለው መቼ ነው?”

“እሱን ድርጅቱ ነው የሚያውቀው ጋሼ።”

አሥራ ሦስት ወር ላለው አገር አሥራ ሁለት ወር ሸጡለት፤ ያውም በአማርኛ ጽፈው። ደብዳቤ ጻፍን። ማሻሻያው ለብቻው ይከፈልበታል የሚል መልስ መጣ፤ ዋጋውን ያዩት ኃላፊያችን ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። “እንግዲያስ ውስጡን አሳዩን፣ እኛው እንጨምረዋለን” ብለን ጻፍን። ውስጡን ማየት በውሉ የተከለከለ መሆኑን በጨዋነት አስታወሱን። የገዛነው ዕቃ፣ የራሳችን ገበሬ መሬት የተጻፈበት ዕቃ፣ እንዳንከፍተው በራሳችን ፊርማ ታስረን ነበር። ያን ውል ከፈረሙት አንዱ እኔ ነኝ፤ ሳላነበው።

መላ መምታት ግድ ሆነ። ኃላፊያችን አቶ ጌታሰው “አንድ ነገር ፍጠር” አሉኝ። ፈጠርሁ። ለወረዳዎች ሁሉ የሚተላለፍ መመሪያ አረቀቅሁ፦ በጳጉሜ የመጣ ጉዳይ ሁሉ መስከረም አንድ ተብሎ ይመዝገብ። ነሐሴ ሠላሳ ይባል ያሉም ነበሩ። እኔ ግን ወደ ኋላ ከመመለስ ወደፊት ማስተላለፍ ይሻላል፤ ያልተደረገውን ተደርጓል ከማለት ቢዘገይ ይሻላል ብዬ አሰብሁ። በሐሳቤም ኮራሁ። ጋሽ ሰይድ ያኔ ጡረታ ወጥተው ከወንድማቸው ሱቅ ደጃፍ ተቀምጠው ይውሉ ነበርና ሄጄ ነገርኋቸው። ሰምተው ሲያበቁ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

“በጳጉሜ ሰው አይሞትም እንዴ?”

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

ጳጉሜ በእኛ አገር እንዴት ያለ ወር እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ልንገር። ቀኖቹ አምስት ናቸው፤ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት። ደጋው በሙሉ ጠበል ይወርዳል። በሦስተኛው ቀን በሩፋኤል የሚዘንበው ዝናብ የተባረከ ነው ተብሎ ሽማግሌ ሕፃኑ ደጅ ወጥቶ ይታጠባል። ታማሚም ይመጣል፤ የመጣ ታማሚ ደግሞ አዲሱን ዓመት ላያይ ይችላልና ነገሩን ማደላደል ይፈልጋል። ስለዚህ መዝገብ ቤት ከዓመት ዓመት እንደ ጳጉሜ የሚጨናነቅበት ጊዜ የለም። ያ ፕሮግራም ከዓመቱ ቀናት ሁሉ መርጦ የጣለው እነዚህን ነበር።

አንድ ዓመት በጳጉሜ ሁለተኛ ቀን ለቁጥጥር ወደ አንድ ወረዳ ወረድሁ። ወይዘሮ ብርቄ የሚባሉ አሮጊት በልጃቸው ትከሻ ተደግፈው ገቡ። ልጅቱ ታንጉት ትባላለች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ እናቷን ሳትለይ የጦረች ናት። እናትዮዋ ለጠበሉ መጥተው ሳለ ያላቸውን ሁለት ጥማድ መሬት ለእሷ በስጦታ ለማስተላለፍ ቆርጠዋል። ሰዉ ብዙ ስለነበር ተነሥቼ የራሴን ወንበር ሰጠኋቸው። ጸሐፊው የስጦታውን ውል በእጁ ጻፈ፤ ጳጉሜ ሁለት ብሎ። ወይዘሮ ብርቄ አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው አተሙ። ከዚያ ጸሐፊው ወደ ኮምፒዩተሩ ዞሮ በእኔ መመሪያ መሠረት መስከረም አንድ ብሎ አስገባ። እኔ ከኋላው ቆሜ አየሁት፤ ደግ አደረግህ አልሁት።

ወይዘሮ ብርቄ በሩፋኤል ዝናብ ታጠቡ። በጳጉሜ አምስት አረፉ።

ታንጉት መልኬ የሚባል ታላቅ ወንድም ነበራት፤ ቀዬውን ለቆ ሌላ ቦታ የሚሠራ። ክፉ ሰው አልነበረም። እናቱ ለእሱ ሳይነግሩ መሬት ሰጡ መባሉን ማመን ስላልፈለገ ብቻ ሄዶ ከመዝገቡ ግልባጭ ጠየቀ። ግልባጩ መስከረም አንድ ይላል። የቤተ ክርስቲያኑ ወረቀት ደግሞ እናቱ ጳጉሜ አምስት አረፉ ይላል። ቤተ ክርስቲያን ጳጉሜን ታውቃለች። መልኬ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ይዞ፣ እኅቱ እናቱ ከሞቱ በኋላ የሬሳ ጣት አስነክታ ወረቀት ሠርታለች ብሎ ከሰሳት።

ታንጉት በእጅ የተጻፈውን የውሉን ቅጂ አቀረበች። የመልኬ ጠበቃ፣ በመንግሥት መዝገብ የሌለ ቀን የተጻፈበት ወረቀት ሐሰተኛ ነው አለ። በመሥሪያ ቤቱ የቀረው ቅጂ ደግሞ ወደ ኮምፒዩተር ገብቷል ተብሎ ከሌላው ወረቀት ጋር በማዳበሪያ ከረጢት ታስሮ መጋዘን ተጥሏል፤ የትኛው ከረጢት ውስጥ እንዳለ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ፍርድ ቤቱ ቀኑን እንድናረጋግጥ በደብዳቤ ጠየቀን።

ለድርጅቱ ጻፍሁ። ፕሮግራሙ እያንዳንዱ ጽሑፍ በየትኛው ቀን በየትኛው ሰዓት እንደገባ በውስጡ ይመዘግባል፤ ያን ብቻ አውጥተው ቢሰጡን ነገሩ በአንድ ቀን ያልቅ ነበር። የድጋፍ ውላችን ጊዜው ስላለፈ ሊረዱን እንደማይችሉ መለሱ። የአንዲት ሴት እውነት ከቢሯችን ጠረጴዛ ላይ ባለ ዕቃ ውስጥ ተቀምጦ እያለ፣ እንዳናወጣው ቁልፉ ባሕር ማዶ ነበር።

ይሁን እንጂ ቁጣዬን ሁሉ በእነሱ ላይ ጭኜ መገላገል አልችልም። እውነቱን በደብዳቤ መጻፍ እችል ነበር። መመሪያው የኔ ነው፤ ቀኑን ያስለወጥሁ እኔ ነኝ፤ ሴትዮዋን በዓይኔ አይቻቸዋለሁ ብሎ ለመጻፍ የማንም ፕሮግራም ቁልፍ አያስፈልግም። አቶ ጌታሰው ጠሩኝ። “አንዱ ቀን ስሕተት ነው ካልን ሁሉም ይጠየቃል። መዝገቡ ሁሉ ይናጋል። ፕሮጀክቱም ይቆማል። አንተም ያለ ሥልጣንህ መመሪያ አወጣህ ትባላለህ” አሉኝ። ራሳቸው አዘውኝ ሲያበቁ። ደብዳቤውን ቀድመው አስጽፈውት ነበር፦ በሲስተሙ ላይ የሠፈረው ቀን የመሥሪያ ቤቱ ሕጋዊ መረጃ ነው ይላል። የሥራ መደቤ ሊታጠፍ ነው የሚል ወሬ በዚያ ሰሞን ይናፈስ ነበር፤ ልጆቼም ገና ተማሪዎች ነበሩ። ፈራሁ። ፈረምሁ።

ችሎት ጠሩኝ። ዳኛው፣ “ከሲስተሙ ውጭ ሌላ ማስረጃ አላችሁ?” አሉ። “የለንም ክቡር ፍርድ ቤት” አልሁ። ከዚያ ሌላ ቃል አልጨመርሁም።

ኮሪደሩ ላይ ታንጉት ደረሰችብኝ። አልጮኸችም፤ የነጠላዋን ጫፍ በእጇ እያፍተለተለች ነበር።

“አያ ሞላ፣ ምነው?” አለችኝ። “እርስዎ እኮ እዚያው ነበሩ። ለናቴ ወንበር የሰጡ እርስዎ አይደሉ?”

“ሲስተሙ ነው ታንጉት” አልኋት። “እኔ ምን ላድርግ?”

“ሲስተም ሰው ነው?” አለችኝ። ወደ ውጭ ወጣሁ።

መሬቱ ለመልኬ ተፈረደ። ይግባኙም እስከ ላይ ሄዶ ጸና። ሁሉም ቦታ ያ የኔ ፊርማ ያለበት ደብዳቤ አብሮ ሄደ።

ለጋሽ ሰይድ ለመንገር ብዙ ቀን ፈጀብኝ። ስነግራቸው ይሰድቡኛል ብዬ ነበር፤ አልሰደቡኝም። “ለሴትዮዋ አነበብህላት?” አሉኝ። ያስገባነውን መስከረም አንድ ጮክ ብዬ ባነብላቸው ኖሮ ወይዘሮ ብርቄ ገና ጳጉሜ ሁለት ነው ብለው ያርሙኝ ነበር። አላነበብሁም፤ ኮምፒዩተር ያነባል ብዬ። ጋሽ ሰይድ በዚያው ዓመት አረፉ፤ ሌላ ነገር አላወራንም።

ከቀብራቸው መልስ አንድ ነገር አሰብሁ፤ ያን ፕሮግራም መስበር። በጎንደር አንድ ኮሌጅ ኮምፒዩተር የምታስተምር መምህርት ሰብለ የምትባል ሴት እንዳለች ሰምቼ ሄድሁ። “ይህን ሰብረሽ ክፈችልኝ” አልኋት።

“አልሰብርም ጋሼ” አለችኝ። “ሕገ ወጥ ስለሆነ ብቻ እንዳይመስልዎት። ዛሬ ብሰብረው ነገ በሌላ ቁልፍ ይቆልፉታል። ለምን የማይቆለፍ አንሠራም?”

ስለ ነፃ ሶፍትዌር የሰማሁት ያን ቀን ነው። ነፃ ሲባል ብዙ ሰው ያለ ገንዘብ የሚታደል ማለት ይመስለዋል፤ ዋናው ቁም ነገር እሱ አይደለም። የፕሮግራሙ የውስጥ ጽሑፍ ለሁሉ የተገለጠ ነው። ታነበዋለህ፤ ለአገርህ እንዲሆን አድርገህ ታርመዋለህ፤ ያረምኸውን ለፈለገው ሁሉ ትሰጠዋለህ። ማንንም አትለምንም፤ ማንም መጥቶ አይዘጋብህም። መምህርት ሰብለ በሌላ አገር ያሉ ሰዎች ለመሬት መዝገብ ብለው ሠርተው ለዓለም የተዉትን ፕሮግራም አወጣችና ወሮቹ የተጻፉበትን ገጽ ከፈተችልኝ። ያ ለዓመታት እንዳላይ የተከለከልሁት ነገር ተራ ጽሑፍ ነበር።

“ጳጉሜ መቼ መቼ ነው ስድስት የሚሆነው?” አለችኝ።

“ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ” አልኋት።

“ሉቃስን ኮምፒዩተሩ አያውቅም። በቁጥር ይንገሩኝ።”

ዓመተ ምሕረቱን ለአራት ሲያካፍሉት ሦስት ከተረፈ ዘመኑ የሉቃስ መሆኑን ነገርኋት። ልጅ ሆኜ ከየኔታ የተማርሁትን ያን ስሌት ጻፈችው። ሳጥኑን ስከፍተው ከነሐሴ በታች ጳጉሜ ተጽፏል። ከወንበሬ ተነሥቼ መስኮቱ ጋ ሄድሁ፤ ዕንባዬ እንዳይታይብኝ። ሌላውን ሁሉ፣ የአዋሳኞቹን ቅጽ፣ የበላይና የበታች ማሳውን አጠያየቅ፣ ለማስተካከል ብዙ ወራት ሠራን። አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ ጠየቅኋት፦ ማንም ሰው አንድ ቀን ቢለውጥ ስሙ፣ የለወጠበት ሰዓትና ምክንያቱ ከአጠገቡ ይጻፍ፤ ባለመሬቱም ማየት ይቻለው። የሠራነውንም ለሁሉ ክፍት አድርገን አኖርነው፤ ጳጉሜ ያለው ማንም ሊወስደው ይችላል።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት የፈጀሁት በመለመን ነው። ላፕቶፕ በቦርሳ ይዤ ከቢሮ ቢሮ፣ ከስብሰባ ስብሰባ ተንከራተትሁ። “ባለቤት የሌለው ነገር ለመንግሥት ሥራ አይሆንም” አሉኝ። “ችግር ቢፈጠር ማን ይጠየቃል?” አሉኝ። ይህችን ጥያቄ ስሰማ ሁልጊዜ ያቃጥለኛል። ባለቤት ባለው ጊዜ ማን ተጠየቀ? ታንጉት መሬቷን ስታጣ ከድርጅቱ ማን መጣ? ከእኛስ ማን ቆመ? በሕዝብ ገንዘብ የሚሠራ፣ የሕዝብ መሬት የሚጻፍበት ነገር ሕዝቡ እንዳያየው ተቆልፎ ሲቀመጥ ማንም አይደነግጥም፤ ይከፈት ሲባል ግን ሁሉም ይደነግጣል። አንድ ስብሰባ ላይ ይህን ስናገር ድምፄ ከፍ ብሎ አስወጡኝ። አቶ ጌታሰውማ “ሞላ የጳጉሜ በሽታ ይዞታል” እያሉ ሰው ያስቁብኝ ነበር።

በሩን የከፈተልኝ ክርክሬ አይደለም፤ ኢንተርኔት መጥፋቱ ነው። ያ የተገዛው ፕሮግራም በየወሩ በኢንተርኔት ፈቃዱን ካላረጋገጠ እንደሚዘጋ ማንም ልብ ብሎት አያውቅም ነበር። በአገራችን መስመሩ ለብዙ ጊዜ ሲቋረጥ ፕሮግራሙም ጥርቅም ብሎ ተዘጋ፤ ገበሬው በር ላይ ተኮለኮለ፤ አቶ ጌታሰውም “እስቲ ያን የጳጉሜ ነገርህን አምጣው” አሉ። ኢንተርኔት የማይጠይቀውን የእኛን ተከልን። ከተዘጋው ውስጥ መረጃ ማውጣት ስላልቻልን ከመጋዘኑ ከረጢት እያወጣን ሁሉንም እንደገና ልንጽፍ ተቀመጥን። ወረቀቱ በአቧራና በአይጥ ሽንት ከርሞ ያስነጥሳል፤ አንዳንዱ በክረምት ፍሳሽ ተጣብቆ በቢላ ነው የሚላቀቀው። በየጳጉሜው የተጻፈውን ሁሉ ወደ ትክክለኛ ቀኑ መለስሁ፤ ብዙ ነበር። ከእያንዳንዱ አጠገብ ምክንያቱን “በሞላ መመሪያ ተሳስቶ የነበረ” ብዬ ጻፍሁ። አብረውኝ የሚጽፉት “ምነው ጋሼ፣ ስምዎን ለምን ያስገባሉ?” ቢሉኝም አልተውሁም።

አንድ ከሰዓት በኋላ አንዱን ከረጢት ስፈታ የወይዘሮ ብርቄ ውል ወጣ። ጳጉሜ ሁለት ይላል። የአውራ ጣታቸው ቀለም አልደበዘዘም።

ሌላ ማንም ሳይጽፍልኝ ደብዳቤ ጻፍሁ። ለፍርድ ቤቱ የነገርሁት ጎደሎ እንደነበር፣ መመሪያውን ያወጣሁት እኔ መሆኔን፣ ሴትዮዋ በሕይወት ሳሉ በገዛ ፈቃዳቸው ሲያትሙ በዓይኔ ማየቴን ጻፍሁ። ከውሉ ግልባጭ ጋር አስገባሁት። የተሰጠኝ መልስ አጭር ነበር፤ ፍርዱ የመጨረሻ ሆኗል፣ እንደገና የሚታይበት ጊዜም አልፏል የሚል።

ታንጉትን ለማግኘት ወደ ማክሰኝት ወረድሁ። መሬቷን ካጣች ወዲህ በገበያ ቀን ሽንብራ እየሸመተች መልሳ እየቸረቸረች እንደምትኖር ነግረውኝ ነበር። ከእህል ተራው ዳር፣ ጆንያዋ ፊት ተቀምጣ አገኘኋት። አወቀችኝ። ተነሥታ ሰላም አለችኝ፤ አሳዳጊዎቿ ያስተማሯትን አልተወችም። ማንበብ ስለማትችል ደብዳቤውን ቆሜ አነበብሁላት። ገዢ መጥቶ ዋጋ ቢጠይቃት በእጇ ቆይ ብላ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

“ሸጋ ነው” አለች ስጨርስ። “መሬቱስ?”

“የለም ታንጉት” አልኋት። “ጊዜው አልፏል ብለዋል።”

ቁናዋን አንሥታ ሽንብራውን ደለደለች። ይቅርታ አድርጊልኝ ለማለት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

“ወንድሜ እስከ ዛሬ ቤቴ አይገባም” አለች። “የናቷን ሬሳ ጣት ያስነካች እያለ በለቅሶ ቤት ሁሉ ያወራብኛል። ይኸን ወረቀት ለሱ ሄደው ያንብቡለት፤ ሁለት ጊዜ ያንብቡለት። ለኔማ ምን ያደርግልኛል? እኔ እዚያው ነበርሁ። እርስዎም ነበሩ።”